ትርንጎ አያ ጅቦን ያጎረሰች ለት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ እሸቱ ሲደርስ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱን የከፈተው አያ አንበሶ ነው። ከፍቶም ሥራው እንዳለቀ ቆጠረና በሩ ላይ ተኛ። ከመተኛቱ በፊት ግን አንድ ሕግ አወጣ፤ «ከአጥሩ ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም። ከአጥሩ ውጭ የሚሆነውን አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ።

አስተማሪዋ ቀበሮ ነበረች። ለምን ቀበሮ ሆነች ቢባል፣ ለቦታው የተወዳደሩት እሷና ኤሊ ነበሩ፤ ኤሊ ለፈተናው ገና እየመጣች ነበር። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። ማንም አልመረጠውም። ስብሰባው ላይ «የሚቃወም አለ?» ብሎ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ሁሉም ጥርሱን አየና ዝም አለ። በሙሉ ድምፅ ተባለ።

በዚህ ትምህርት ቤት አንዲት ልጇን የምታስተምር ወጣት አህያ ነበረች። ስሟን የሚያውቅ የለም። እዚያ ግቢ ውስጥ እናት ስም የላትም፣ «የትርንጎ እናት» ናት፣ በቃ። ቀን ቀን እህል ስትሸከም ትውላለች። ጭነቱስ አይከብዳትም ነበር፣ የሚከብዳት ሐሳቡ ነው። ትርንጎ ስታስነጥስ «ሳንባዋ ነው» ትላለች። ትርንጎ ሳታስነጥስ የዋለች እንደሆነ ደግሞ «ዛሬ ለምን አላስነጠሰችም?» ብላ ትጨነቃለች።

አንድ ቀን ትርንጎ ከትምህርት ቤት እየዘለለች መጣች።

«እማ፣ የምስጋና ማዕድ ልናደርግ ነው።»

«የምን ምስጋና?»

«እህሉ ስለደረሰ ነዋ። ገንፎውን እኛ ራሳችን እናገነፋለን። ዱባ እንቀቅላለን። ዘውድ እንሠራለን። ከዚያ እናትና አባት ሁሉ ይመጣል፣ ከዚያ እናጎርሳለን።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። እኔን ልታጎርሺኝ ነዋ።»

«አንቺንማ አይቻልም። ፍቅር እንዲጠነክር የሌላ ልጅ ወላጅ ነው የሚጎርሰው ብላለች ቲቸር። እጣ አወጣን።»

«ለአንቺ ማን ደረሰሽ?»

«የማንጠግቦሽ አባት።»

የትርንጎ እናት ድርቆሽ እያኘከች ነበር። ማኘኳን አቆመች። ማንጠግቦሽ የአያ ጅቦ ልጅ ናት።

«አያ ጅቦን ነው የምታጎርሺው?»

«አዎ። አፉ ሰፊ ስለሆነ አትስቺም ብላኛለች ማንጠግቦሽ። ደግሞ በጣት ጫፍ ማጉረስ ስድብ ነው፣ እጅ እስከ ክርን መግባት አለበት ብላለች ቲቸር። ሦስቴ።»

«ሦስቴ ለምን?»

«አንዴ ብቻ ማጉረስ ስስት ነው አለች። እማ፣ ድርቆሹን ካልበላሽው ልብላው?»

ትርንጎ የእናቷን እራት ጭምር በላች። እናቷ የልጅቷን ክርን ብቻ ስታይ አመሸች። ትንሽ ክርን ናት፣ ገና ፀጉሯ እንኳ አልጠነከረም።

በማግስቱ የትርንጎ እናት ጭነቷን ሳታነሳ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። ስትገባ እመት ጦጣ ለቀበሮ አንድ ቅል ሙሉ ማር እያስረከበች ነበር።

«ለልጆቹ ገንፎ ነው፣ ቲቸር» አለች ጦጣ። «ንብ አሳዶኛል፣ ጀርባዬን ይዩት። ይበቃል?»

«ይተርፋል እንጂ» አለች ቀበሮ።

ጦጣ እንደወጣች ቀበሮ ቅሉን ወስዳ የእጅ ሥራ ዕቃ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ፣ ከላይ፣ ከጥጉ ሰቀለችው። ልጆቹ አንጋጠው አዩዋት።

«ቲቸር፣ ያ ምንድነው?»

«ሙጫ ነው። አይበላም። የነካው ልጅ እንደተጣበቀ ይቀራል፣ እናቱ መጥታም አታላቅቀውም።»

የትርንጎ እናት ይህን ሁሉ አየች። እንዳላየች ሆነች። አስተማሪን መናገር ልጅ ላይ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ነው።

«ምን ነበር የትርንጎ እናት?» አለች ቀበሮ ጢሟን እየላሰች።

«ቲቸር፣ ያ እጣ ነገር... እንዲያው ቢቀየር ብዬ ነው። ትርንጎ ኤሊን ብታጎርስ።»

«ኤሊ ገና መንገድ ላይ ናት። ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ ተይዟል። ሊቀመንበሩ ቅር ቢላቸውስ?»

ሊቀመንበሩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አፉን መክፈትና መዝጋት እየተለማመደ ነው።

«ልጅሽ ለኔ ደረሰችኝ አሉ» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን በመዳፉ እየጠረገ። «የልጅ ጉርሻ ነፍሴ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ መቼም ሕጉን ያውቃሉ።»

«በቃሌ ነው የማውቀው። ማንም ማንንም አይበላም። እኔ መች በላሁ? የእኔ መጉረስ ነው። የጎረሱትን መትፋት ደግሞ ነውር ነው፣ እናቴ ጨዋ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። አንዴ አፍ ውስጥ ከገባ በኋላ ይሄ ገንፎ ነው፣ ይሄ እጅ ነው ብሎ መልቀም የማን ሥራ ነው?»

ቀበሮ ሳቀች። «አያ ጅቦ ሲቀልዱ ነው።»

«ቀልዴን አይደለም» አለ አያ ጅቦ። ሞኝ ስለሆነ ሐሳቡን መደበቅ አይችልም።

የትርንጎ እናት ወደ በሩ ሄደች። አያ አንበሶ እንደተኛ ነው። ጎንበስ ብላ «ጌታዬ፣ አቤቱታ ነበረኝ» አለችው።

አያ አንበሶ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ከአጥሩ ውስጥ ነው ከአጥሩ ውጭ?»

«ከአፍ ውስጥ ነው ጌታዬ።»

«ስለ አፍ ውስጥ ያወጣሁት ሕግ የለም» አለና ዓይኑን መልሶ ከደነ።

ተመልሳ ወደ ቀበሮ መጣች። «እንግዲያው ትርንጎ የዚያን ዕለት ትቀራለች። ትታመማለች።»

«ትቅር» አለች ቀበሮ። «የቀረ ልጅ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ደጅ ወረፋ የሚጠብቅ ስንት አለ መሰለሽ።»

የትርንጎ እናት ይህን ስትሰማ ጆሮዎቿ ወደቁ። ትርንጎ ቦታዋን ካጣች ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ልትውል ነው። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ አያ ጅቦ ጉርሻ አይጠብቅም።

«አይዞሽ፣ ጭንቀትን የሚያጠፋው ሥራ ነው» አለች ቀበሮ። «ለዘውዶቹ ሙጫ አንቺ ትሠሪያለሽ። ዱቄቱን ከቤትሽ።»

«መደርደሪያው ላይ ሙጫ የለም እንዴ?»

«እሱ ለሌላ ነው።»

እጣ ልታስቀይር ሄዳ፣ ሥራ ተጨምሮባት ተመለሰች።

የማዕዱ ቀን ደረሰ። ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ግቢውን አተራመሱት። የጃርት ልጅ ዱባው ላይ ተደግፎ ተሰካበት፣ ሁለቱን ለማላቀቅ ሦስት ልጅ ጎተተ። የጦጣ ልጅ ጨው ጨምር ሲባል ጨመረ፣ ጨምረሃል ወይ ሲባል እንደገና ጨመረ። ማንጠግቦሽ ዱቄት ነፊ ተብላ ወንፊቱን እየላሰች ነበር። ትርንጎ የኮባ ቅጠል እየቀደደች ዘውድ ትቆርጣለች። በልኳ የቆረጠችው ሁሉ ጆሮዋ ላይ አልገባ እያለ ተቸግራለች።

እናቷ ከጉልቻው ጥግ ሙጫዋን ታማስላለች። መጀመሪያ በዱቄትና በውሃ ብቻ ሠራችው። ከዚያ «ዘውዱ ማዕዱ ላይ ቢወድቅስ? የትርንጎ እናት ሙጫ ነው ሊሉ አይደል?» ብላ ዱቄት ጨመረች። ደግማ አሰበችና የግራር ሙጫ አድቅቃ ጨመረች። አሁንም አላመነችውም፣ ሌላ ጨመረች። ማማሰያዋ ቀጥ ብላ እስክትቆም ድረስ አማሰለችው። ሲበርድ ድንጋይ እንዳይሆን ከድና፣ ከልጆቹ ገንፎ ጎን፣ ትኩስ አመድ ላይ አኖረችው። ሐሳቧ ግን ሙጫው ላይ አልነበረም። «ትርንጎ፣ ከሩቅ ሆነሽ ወርውሪለት» ብላ አስተምራት ነበር። ልጅቷ «ቲቸር መወርወር ነውር ነው ብላለች» አለቻት።

እንግዶቹ ሳይመጡ አያ ጅቦ ቀድሞ መጣ።

«ምግቡን ልቆጣጠር ነው» አለ። «ኮሚቴው ልኮኝ።»

ኮሚቴው እሱ ብቻ ነው። የገንፎውን ክዳን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ። የጦጣ ልጅ ጨው ነው። ቀጥሎ ሁለተኛውን ድስት ከፈተ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገር ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

የትርንጎ እናት ሌላ ሴት ብትሆን ምን እንደምትል እንጃ። እሷ ግን መዋሸት አትችልበትም፣ ስትዋሽ ጆሮዋ ይሰበርባታል።

«ሙጫ ነው፣ አያ ጅቦ። ለዘውድ ነው። አይበላም።»

አያ ጅቦ አያት፣ ድስቱን አየ፣ ሳቅ አለ።

«አይበላም?»

«አይበላም። አፍ ያጣብቃል። የግራር ሙጫ ራሱ አለበት።»

«የትርንጎ እናት፣ እኔን ሞኝ አደረግሽኝ። ማንጠግቦሽ እኮ ነግራኛለች። ቲቸር ሙጫ ነው ያለችውን መደርደሪያ ላይ ወጥታ ቀምሳዋለች። አባ፣ ሙጫ የሚሉት እኮ ይጣፍጣል አለችኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሙጫ የሚባለው ጣፋጩ ነው፣ ገንፎ የሚባለው ደግሞ ጨው ነው። ገብቶኛል።»

«የቲቸሩ ሌላ ነው። የእኔው እውነተኛ ሙጫ ነው። በልጄ ይሁንብኝ።»

«በልጅሽ አትማዪ። ልጅሽ ከሰዓት ቀጠሮ አለባት» አለና አፉን ድስቱ ውስጥ ከተተ።

አላመጠም፣ አልቀመሰም፣ ብቻ ዋጠ። ጅብ ሲበላ ጣዕሙን የሚያውቀው ከጨረሰ በኋላ ነው። ድስቱን ላሰ፣ ክዳኑን ላሰ፣ ማማሰያውን ላሰ። ሲጨርስ ትንሽ አሰበ።

«ጣፋጭነቱ ወደ ኋላ ነው መሰለኝ የሚመጣው» አለ። ቀጥሎ «እንደውም» ሊል ነበር፣ «እንድም» አለ። ከዚያ በኋላ «እምም» ብቻ ሆነ።

የትርንጎ እናት ደነገጠች። «ውሃ ላምጣልዎት? ሆድዎንስ አያምዎትም? ጌታ ሆይ፣ ሊቀመንበሩን ገደለች ሊሉኝ ነው» እያለች በድስቱ ዙሪያ ትሽከረከር ጀመር። ለሚበላት ጅብ ሆድ የምትጨነቅ አህያ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አያ ጅቦ ግን ኩራቱን አልጣለም። አፉ ተዘግቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሄዶ የክብር ቦታው ላይ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ልጆቹ ለሙጫ መጡ። ትንንሾቹ ዘውዶች ቀደም ብሎ ከድስቱ በተቀዳላቸው ሙጫ ተጣብቀው አልቀዋል። የቀረው የአያ አንበሶ ትልቁ ዘውድ ነው፣ የሁሉም ልጅ ቅጠል ያለበት። ድስቱ ግን ባዶ ነው።

«አባቴ ጨረሰው» አለች ማንጠግቦሽ በኩራት። «ግድ የለም፣ መደርደሪያው ላይ ሌላ ሙጫ አለ። ቲቸር ራሷ ሙጫ ነው ብላለች።»

ቀበሮ መንገዱ ድረስ ወርዳ እንግዳ እየተቀበለች ነበር። ልጆቹ ቅሉን አወረዱ። ዘውዱን አያ አንበሶ እንደተኛ ጎፈሩ ላይ ለጠፉለት። እንዳይወድቅ ብለው ቅሉን እስከ ታች ገለበጡበት።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። አያ አንበሶ ዘውዱን ደፍቶ ነቃና «እህሉ ደረሰ፣ እኛም ደረስን፣ ተመስገን» አለ። ንግግሩ ይኸው ነው። ሁሉም ወደደው።

«አሁን የጉርሻ ሰዓት ነው» አለች ቀበሮ። «መጀመሪያ ለሊቀመንበራችን፣ ትርንጎ።»

ትርንጎ ዘውዷ አንድ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እጇ ሙሉ ገንፎ ዝቃ ብድግ አለች። እናቷ ትንፋሿን ያዘች። ሙጫው እንደያዘ ይሁን ወይስ ሟሙቶ ይሁን አታውቅም። ትርንጎ እየሄደች ነው። አያ ጅቦ ዓይኑ ክርኗ ላይ ነው። ቀረበች። እጇን ዘረጋች።

አፉ አልተከፈተም።

አያ ጅቦ ግንባሩ እስኪወጠር ገፋ። ጆሮው ተንቀሳቀሰ፣ ጅራቱ ተንቀሳቀሰ፣ አፉ ግን ፍንክች አላለም።

«አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ» አለች ትርንጎ።

«እምም።»

«አይፈሩ፣ ትኩስ አይደለም።»

ልጅቷ ጨዋ ናት፣ የዘረጋችውን ጉርሻ ይዛ አትመለስም። ገንፎውን አፍንጫው ላይ ለጠፈችው። ሄዳ ሁለተኛ አመጣች፣ ጉንጩ ላይ መረገችው። ሦስተኛውን የት እንደምታደርገው ቸግሯት ዓይኑን መረጠች።

«አይ ጨዋነት» አለች እመት ጦጣ። «ልጅቷን ላለማስደንገጥ ጥርሱን እንኳ አላሳያትም።»

የትርንጎ እናት ትንፋሿን ለቀቀች። ልጇ ከነክርኗ ተመለሰች። የእናት ነገር ግን አይገባም፤ ፍርሃቱ እንደለቀቃት ቅሬታ ያዛት። ጎኗ ለተቀመጠችው ጃርት «ምን ቢንቀን ነው?» አለቻት። «ልጄ ሦስቴ አጉርሳው አንዱን እንኳ ቢቀበል ምን ነበረበት?»

ያን ጊዜ ዝንቦች መጡ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ቀጥሎ ንቦች ራሳቸው መጡ። ሁሉም አያ አንበሶ ራስ ላይ ሰፈሩ። ከዘውዱ ሥር የሆነ ነገር በግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ላይ ደረሰ። አያ አንበሶ ምላሱን አውጥቶ ላሰው። ደግሞ ላሰው።

«ሙጫውን የሠራ ማነው?»

ሁሉም ወደ ትርንጎ እናት ዞረ። ቀበሮ ፈጠን ብላ «እሷ ናት ጌታዬ፣ ሙጫው በእሷ ነው» አለች።

የትርንጎ እናት ብድግ አለች። ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የእኔ ሙጫ አያ ጅቦ አፍ ውስጥ ነው ጌታዬ። አይበላም ብዬ ነግሬያቸው ነበር። የእርስዎ ዘውድ ላይ ያለው የቲቸር ሙጫ ነው፣ ከመደርደሪያው ላይ የወረደው። እመት ጦጣ በቅል ያመጣችው።»

«የኔ ማር» አለች ጦጣ ብድግ ብላ። «ለዚህ ነው ጀርባዬ ያበጠው? ገንፎው ጨው ብቻ የሆነው ለዚህ ነው?»

ቀበሮ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደች። «ጌታዬ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው ለብቻው ያስቀመጥኩት።»

«አምንሻለሁ» አለ አያ አንበሶ። «ስላከበርሽኝም እኔን አንቺ ታጎርሺኛለሽ። ትርንጎ፣ ቲቸር እንዴት ነው የሚጎረሰው ያለቻችሁ?»

«እጅ እስከ ክርን» አለች ትርንጎ። «ሦስቴ።»

አያ አንበሶ አፉን ከፈተ። እሱ ሙጫ አልበላም። ቀበሮ ገንፎ ያዘች። የመጀመሪያውን ዓይኗን ጨፍና አጎረሰችው። ሁለተኛውን ፊቷን አዙራ አጎረሰችው። ሦስተኛው ላይ ክርኗ ውስጥ እንዳለ አያ አንበሶ አፉን ቀስ አድርጎ ገጠመው። ሳይነክስ፣ ብቻ ገጠመው። ከዚያ በሞላ አፉ ጠየቃት።

«ቲቸር፣ የጎረሱትን መትፋት ነውር ነው አይደል?»

«ነውር... ነውር አይደለም ጌታዬ። እኛ አገር ይተፋል።»

አያ አንበሶ ተፋት። ቀበሮ ከበሩ ወጥታ ስትሮጥ ክርኗ ላይ አንድ ፀጉር አልቀረም ነበር። የአስተማሪው ቦታ ክፍት ሆነ። ደግነቱ ኤሊ ያን ሳምንት ለፈተናው ደረሰች።

ትርንጎና እናቷ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ አያ ጅቦ ወንዝ ዳር አፉን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጦ ነበር። ሰላም አሉት። «እምም» አላቸው።

«እማ» አለች ትርንጎ፣ «ለሚመጣው ዓመትም እሱ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ምንም አይናከስም።»

እናቷ የልጅቷን ክርን በአፍንጫዋ ነካ ነካ አደረገችና ትንሽ አሰበች።

«ይድረስሽ» አለች። «ሙጫውን ግን እኔ ነኝ የምሠራው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ለልጆች የመጣውን ማር «ሙጫ ነው» እያሉ በሚደብቁበት ቤት፣ አንድ ቀን እውነተኛውን ሙጫ እንደ ማር የሚውጥ ሆዳም፣ ማሩንም በጌታው ራስ ላይ የሚለጥፍ ሕፃን እንደማይጠፋ ነው።